እራፊ

ሳስካቱን፣ በጥር፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
የሆስፒታሉ ምድር ቤት፤
አርባ አንድ ሰርቨር ያጓራል፣ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፣
ማስጠንቀቂያው ከአልጋ የጎተተኝ።

ጥቅሏ ትንሽ ናት፣ የታጠፈ ፋይል የምትዘረጋ፣
ስሟን ማንም የማያነሳት፣ ሁሉ የሚደገፋት ሲመሽ ሲነጋ።
ጥፋቷ አንድ ነው፤ እንግዳ ስትቀበል ቁጥሩን አትጠይቅም፣
ቤቷ ሞልቶ ሲፈስ ማን ጓዳ እንደገባ፣ ማን ቁልፍ እንደያዘ አታውቅም።

የጻፋት ዋልተር ሃናቲዩክ ነው፣ የስንዴ ገበሬ ልጅ፣ በደህናው ዘመን፤
ጠርዟ ላይ ማስታወሻ ትቷል፣ ያኔ፣ ሰው ሰውን ሲያምን፦
“እዚህ ጋ ልኩ ይለካ። ኋላ እመለስበታለሁ።”
አልተመለሰም። ባለፈው በጋ ቀበሩት፣ ሰምቻለሁ።

መድኃኒቷ አንዲት መስመር ናት፤ “ከዚህ ከበለጠ፣ ተመለስ።”
የጻፈውን እየጣፍኩ ዞርኩ፣ አርባኛው ሰርቨር ድረስ።
አንዱ ቀረ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ምጥ ክፍል፣ የጽንስ ልብ የሚቆጥር፤
“እንዳትነካው!” አለች ነርሷ ዳርሊን፣ ድምጿ እንደ ገመድ ሲወጠር።
ተቀመጥኩ። ቀዳዳው ክፍት፣ ሌባው በመንገድ፣ ሕፃኑም በመንገድ፤
ሰው እንዲህም ይለምናል ለካ፦ “እባክህ፣ ቶሎ ተወለድ።”

አሥር ሰዓት ላይ መልሳ ደወለች፤
“ሴት ናት። ትሰማታለህ? ትጮኻለች።”
አጠፋሁ፣ ጣፍኩ፣ አስነሳሁ፤ ሰርቨሩ ጢጥ ብሎ መለሰ።

ልወጣ ስል ከጎኑ ሌላ ስፌት ሳስቶ አየሁ፤
ገና አይፈስም፣ ግን ይፈሳል። አዛጋሁ።
ሲስተም የምንለው ድሪቶ ነው፤ የሙታን ክር፣ የሕያዋን መርፌ፤
እኔም ከዋልተር ቃል ሥር፣ ካፖርቴን በክንዴ አጣጥፌ፣
“ይህም ይለካ” ብዬ ጻፍኩ፤ “ኋላ እመለስበታለሁ።”

ቀን አልጻፍኩበትም።