ለአንድ ብሎን

በኡራጓይ ወንዝ ዳር፣ በኤውላሊዮ ጓሮ
የሚጣል ብረት የለም፤ ሁሉም አለው ኑሮ፤
የብስክሌት ሰንሰለት ፊልትሮ ይፈታል፣
አክስቱ የሞቱበት አልጋ ሞተር ታቅፎ ያድራል።

አንዲት ቁልፍ ግን አለች፣
በከሰል ግላ ሦስት ሌሊት የተቀጠቀጠች፣
ጣት ከማይደርስበት፣ ከፔጆው ሞተር ጀርባ፣
ለአንድ ብሎን ብቻ ተጣማ እንድትገባ።

ፔጆው ተሸጠ።
ሚስቱ «ለቆራሌው ስጣት» ብትለው እንዳልሰማ ሆነ።

በሰኔ ብርድ ገዢው ኒካሲዮ መጣ፣ ጣቱ ተልጦ፦
«አንዷ ብሎን እምቢ አለችኝ። ቁልፏን ሽጥልኝ።»
ኤውላሊዮ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤
«እሷ አትሸጥም። መኪናውን አምጣው።»

አሁን በየስድስት ወሩ ፔጆው ግቢው ውስጥ ይቆማል።
ብሎኗን ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ያስራታል—
ትንሽ ላላ አድርጎ።