ቀበቶ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በኤድመንተን ብርድ፣
ቀበቶ ስቀይር ኖርኩ፤
የሱሪ እንዳይመስልህ፤ የሚሽከረከር መንገድ፣
በሰው ላብ የሚበላ፣ ራሱ ቆሞ ሰው የሚያስኬድ።

ጃንዋሪ የእኔ መኸር ነበር።
ለአዲስ ዓመት የማለው ሁሉ በሩ ላይ ሲደረደር፣
ሞተር ሲግል፣ ጎማ ሲሸት፣ ሽቦ ሲበጠስ፣
ዳርሊን በሌሊት ትደውላለች፦ «ሰባተኛው ቆመ፣ ቶሎ ድረስ!»
እደርሳለሁ። በሰው መሐላ ነበር የምኖር፤
መሐላው መጋቢት ባይደርስም፣ ቀበቶው ግን ያልቅ ነበር።

ዘንድሮ ስልኩ ዝም።
በመጨረሻ «ና» አለችኝ፣ «ለጥገና ግን አይደለም።
አሥራ አራቱን ንቀልልኝ፤ አራቱ ይቀራሉ።»
«ሰዎቹስ?» አልኳት።
«አሉ» አለች። «ቀንሰው አሉ።»

ብስክሌት ይጋለብበት የነበረው ክፍል፣
ሙዚቃው ግድግዳ ይንጥ የነበረበት፣
ነጭ መጋረጃ ተጋርዶበታል።
አንዲት ነርስ፣ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ፣
በፍሪጇ ውስጥ እስክሪብቶ የመሰለ መርፌ፤
በሳምንት አንዴ ሆድ ላይ ይጽፋል፣
ሆድም አንብቦ ዝም ይላል።

መሮጫ በነበረበት ብረት ገብቷል።
በሩ ላይ «ክሳ!» ይል የነበረው ወረቀት
አሁን «ጠንክር!» ተለጥፎበታል፤
የ«ክሳ» ጥጉ ግን ከሥር ይታያል።

ሌናርድ ፍሪዘን አውቶቡስ ነጂ ነው፤
አርባ አንድ ኪሎ ጠፍቶት፣ ሄዶ ያልፈለገው።
ባለፈው ወር ከልጅ ልጁ ጋር ወለል ላይ ተቀመጠ፣
መነሣት አቃተው።
«ስቡ ሲሄድ» ይላል «ጡንቻዬንም ይዞ ሄደ፤
ተፋትቶ እንደሚወጣ ሰው፣
የራሱ ያልሆነውንም ዕቃ ጭኖ።»
አሁን ታሊሳ፣ የሃያ ሁለት ዓመቷ አሠልጣኝ፣
ከወንበር መነሣት ታስተምረዋለች።
ቁጭ። ብድግ።
ቁጭ።
ብድግ።
ድሮ «ላብህ ይንጠፍጠፍ!» እያለች ትጮህ የነበረች ልጅ
ዛሬ «እንቁላል በልተሃል?» ትላለች፤ «ብላ እንጂ፣ በልተህ ና።»
«በሞቴ» ማለት ብቻ ነው የቀራት።

የመሣሪያ ሳጥኔን አይቶ «መብሻ አለህ?» አለኝ፣
ቀበቶውን ፈትቶ ሰጠኝ፤ የሱሪውን።
ሦስቱን ቀዳዳ ራሱ በሚስማር በስቷቸዋል፣ ጠማማ ናቸው።
አራተኛውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሳሁለት።
በእኛ ቋንቋ ሰው ከበደ ማለት ምስጋና፣
ቀለለ ማለት ስድብ ነው፤
አልነገርኩትም።
«ሆዴ» አለኝ «ስልሳ ዓመት እንደ ሬዲዮ ሲለፈልፍ ኖሮ
በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ጸጥ አለ።
ዝምታውን ወድጄዋለሁ። ግን እሁድ እሁድ
ከእህቴ ጋር የምንጋራት ፓይ ነበረች፣ አሁን ሹካዬን ይዤ…»
አልጨረሰውም።
ታጠቀ። ልክ ሆነ።

መሮጫዎቹን ስነቅል ቆጣሪያቸውን አነበብኩ።
ሰባተኛው ስልሳ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር፤
ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ ሁለተኛውን አጋምሶ፣
ከመስኮቱ ክንድ ሳይርቅ፣ ቆመ ተመልሶ።
ያ ሁሉ እግር ውሸት ነበር?
እኔ እንጃ። ላቡ እውነት ነበር፤ እኔ ነኝ የጠረግሁት።

አራቱ ለምን እንደቀሩ ግን አውቃለሁ።
ሚላግሮስ፣ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣
የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ንጋት አሥራ አንድ ላይ ትመጣለች።
ሐኪሟ «ቀንሺ» ይላታል፣
ኢንሹራንሷ «አይመለከተንም»፤
መርፌው የቤት ኪራይዋን እኩሌታ ነው።
እና ትሄዳለች፣ እጀታውን ይዛ፣
ማንም ሳይጮህላት፣ ያለ ሙዚቃ።

ለሰባተኛው ያመጣሁት አዲስ ቀበቶ መኪናዬ ላይ ነበር።
በእሷ ማሽን ላይ አጠለቅሁት፣ ወጠርኩት፣
እጄን አስደግፌ አስኬድኩት።
ዳርሊን «ደረሰኙስ?» ስትለኝ «አሮጌ ነው» አልኳት።

ውጭ ከዜሮ በታች ሠላሳ።
አሥራ አራት መንገድ ጭኜ
በአንዱ መንገድ ነዳሁ።