ጠረጴዛ ቁጥር አርባ ሁለት

በርገን ላይ ዝናብ ነው፤ ዛሬም እንደ ትናንት።
ሱቄ መስታወት ላይ ተለጥፏል አንድ ደሴት፣
ፀሐይ የጠገበ፣ አሸዋው የነጣ፣
ጥጉን ርጥበት በልቶት ከሙጫው የወጣ።

እኔ መርከብ አልወጣሁም፤ ባሕር አይስማማኝም፤
በሃያ ስድስት ዓመት አንዴም አልሞከርኩም።
ግን ታችኛው ክፍል ሞተሩ እንዴት እንደሚያጓራ፣
የትኛው ካቢን ከየትኛው እንደሚወደድ በተራ፣
ማን መስኮት ዳር እንደሚቀመጥ፣ ማን በር ሥር እንደሚበላ፣
የትኛው አስተናጋጅ ሾርባ እንደሚደፋ በችኮላ
በቃሌ እወጣዋለሁ። ደንበኛ ሲመለስ ያወራል፤
እኔ እሰማለሁ። ለካ ባሕር በጆሮም ይቀዘፋል።

ጥር ላይ ሲግሪድ መጣች፣ ጃንጥላዋን እያራገፈች፤
«ስምንት ሌሊት ወደ ሰሜን፣ የአንድ ሰው ክፍል» አለች።
«መስኮት ዳር አስቀምጪኝ፤» ጣቷ ጠረጴዛዬን መታ፣
«እራቴንም በጊዜ፤ ሆዴ አይችልም ማታ።
እህቴ ካለችበት ግን ገንዘቤን መልሺ፣ አደራ፤
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ዳቦ ካልቆረስኩ ከሷ ጋራ።»

የጠቡ ምንጭ የጀልባ ቤት ነው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፤
ውስጡ አንድ የነተበ መረብ፣ አንድ ውሃ የምታስገባ ጀልባ።
አባት ላንዷ በጽሑፍ፣ ለሌላዋ በአፉ ሰጥቷል ይባላል፤
ሟች አርፎ ተኝቷል፤ ቋሚ እርስ በርሱ ይጣላል።

በሳምንቱ ራግና መጣች፣ እሷም በዚያው ዝናብ፤
ያንኑ መርከብ መረጠች፣ ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ወደብ።
«እራቴን አምሽቼ ነው፣ ሰው ሲቀልልኝ» አለች፤
«መስኮት ዳር ይሁን» ብላ ጠረጴዛዬን በጣቷ መታች።
ልንገራት አልኩ። የደንበኛ ገመና ግን አይወጣም፤
ሁለቱም ከሰረዙ ኮሚሽኑ አይመጣም፤
የሱቁም ኪራይ፣ እውነቱን ላውራ፣ ሦስት ወር አልፎታል።
ዝም አልኩ።

የእራት ቦታ የሚከፈተው ለመንጋት ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤
መቶ ሃያ ቀን ሲቀር፤ ቀድሞ የነካ ነው የሚወስደው።
በሌሊት ልብሴ ላይ ሹራብ ደርቤ ጣቴን ደግኜ ጠበቅሁ፤
መስኮት ዳር አርባ ሁለት ቁጥር ብቻ ቀርቶ አየሁ፣
ካሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት፣ ከሁለት ተኩልም ክፍት።
ሲግሪድን በፊተኛው፣ ራግናን በኋለኛው ሰዓት፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት እህት።
ተንኰል ነው ያለ ይበል፣ ደግነት ነው ያለም ይበል፤
እኔ እንጃ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ገባሁ ካንሶላዬ መሀል።

የሆነውን ከሮዴል ሰማሁ፣ ከማኒላው ልጅ፣ ካስተናጋጁ፤
ወደብ ሲደርሱ ብቅ ብሎ ነበር፣ ቲኬት ሊገዛ ለወዳጁ።
ስድስት ሌሊት አንዷ የተወችውን ወንበር አንዷ ስታሞቅ፣
አንዷ በግራ ደረጃ ስትወርድ፣ አንዷ በቀኝ ስትዘልቅ፣
በሰባተኛው ሮዴል አላስችለው አለ፤ ራግናን ጠየቃት፦
«እመቤቴ፣ አሁን በልተው ወጥተው አልነበረም?
ሁለቴ የሚበላ አይቻለሁ፤ ልብስ ለውጦ የሚመጣ ግን አላየሁም።»

ሳቀች ይላል። ከዚያ ከሳህኑ ጥግ የተረሳ መነጽር አየች፣
እጁ ተሰብሮ በመረብ ክር የታሰረ።
ቋጠሮው ያባቷ ነው፤ ሁለቴ ዞሮ የሚመለስ፣
ዓሣ ቢታገል የማይፈታ፣ ቢጎትቱት የሚብስ።
አድርጋው የምግብ ዝርዝሩን አነበበች። ልክ ሆነላት።
ሾርባው ፊቷ ቀዘቀዘ፤ ሮዴልም ዝም አላት።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየም። ፈረቃው አበቃ።

ዛሬ ፖስተኛው መጣ፤ ሁለት የቅሬታ ደብዳቤ።
ሲግሪድ፦ «አደራሽን በላሽ፤ ይመለስልኝ ገንዘቤ።»
ራግና፦ «ሾርባው ቀዝቃዛ ነበር።»
የእጅ ጽሑፉ ሁለት ነው፤ ፖስታው ግን አንድ።

ገና አልመለስኩም። ዝናቡም ገና አላባራም።
ማን ምላሷ ላይ አርጥባ እንደለጠፈችው ቴምብሩን
አልለየሁም፤ እያየሁት ነው፣ አዘንብዬ መብራቱን።