ቃለ ጉባኤ፣ ቁጥር አንድ

ቀን፦ ቅዳሜ፤ ሐምሌ፤ ሰማዩ የከበደ።
ሰዓት፦ ስምንት ተብሎ፣ ዘጠኝ ተኩል የሄደ።
ቦታ፦ ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ፣
የዕድሩ መጋዘን፣ ድስቱ ጥግ ተከምሮ፣ አግዳሚው ተጥሎ።
ጸሐፊ፦ እኔው ነኝ። የመረጡኝ በድምፅ አይደለም፤
እስክሪብቶ የያዘ ከእኔ በቀር የለም።

የተገኙ፦ ለዝርዝር ሠላሳ አንድ፣ ለወንበር ዐሥራ ሰባት ነበርን፤
ሁለቱ ለኬኩ ነው፤ እነሱንም ቆጠርን።
ሸምሱ ከዶሮ ማነቂያ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ፣
ሚልካ ከሠራተኛ ሰፈር፣ በሌሊት ፈረቃ ዐይኗ ደክሞ፣
ዱሬቲ ከቃለ መጠይቅ፣ ዲግሪዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣
«እንደውላለን» ተብላ፣ «አይደውሉም» ብላ።
የክብር እንግዳችን «ስብሰባ ነኝ» አሉ፤
«ጀምሩ፣ እደርሳለሁ» ... እስካሁን ይደርሳሉ።

አጀንዳ አንድ፦ ስም።
የሦስት ሳምንት ክርክር ዛሬም አልበረደም።
«ተስፋ» ያለ ነበር፤ «ብርሃን» ያለ ነበር፤
ሸምሱ ሣቀ፦ «መብራት ኃይል ነው ወይስ የሰፈር ማኅበር?»
ሚልካ ቀስ ብላ «‹ጎረቤት› ብንለውስ?» ስትል
ዝም አልን፤ ዝምታው እጅ ማውጣት ይመስል።
ጸደቀ ብዬ ጻፍሁ።
ባነሩ ግን ቀድሞ ታትሟል፣ የስሙ ቦታ ነጭ ሆኖ፤
በማርከር ሞላነው፣ መጨረሻው ፊደል ከጨርቁ ጫፍ ታፍኖ።

አጀንዳ ሁለት፦ ገንዘብ። መዋጮው ተቆጠረ፤
ሦስት ሺህ አርባ ብር፤ ከዚያ ውስጥ ኬኩ ሁለት ሺህ ነበረ።
(ይህን አትጻፊ አሉኝ። ጻፍሁት።)

አጀንዳ ሦስት፦ ማኅተም። ማኅተም የለንም ገና።
ማኅተም የሌለው ወረቀት በዚህች ከተማ ምን ሊሆን ነውና?
ፈቃዱን ለማውጣት ማኅተም፤ ማኅተሙን ለማስቀረጽ ፈቃድ፤
ዱሬቲ አራት ቀን ተመላልሳለች በዚህ መንገድ።

ቢላው ኬኩ ላይ እንዳረፈ፣
ቆርቆሮው ላይ ሲንጫጫ የቆየው ዝናብ በሩን አልፎ ገባ፤ ተከትለው
እማማ ጥሩሰው፣ እስከ ጉልበት ርሰው፣ አንድ ጫማ በእጃቸው ይዘው።
«ልጆች፣ ማኅበር ቆመ ሲሉ ሰማሁ፤ እሰየው።
ቦዩ ተደፍኖ ውሃው አልጋዬ ሥር ነው።
ይሄ የትኛው አጀንዳ ላይ ነው የሚታየው?»

ከዚህ በታች ጽሕፈቴ አይነበብም፤ ገጹ ርሷል።
ማን ቀድሞ እንደተነሣ አልያዝሁም።
ሸምሱ ጫማውን ሲያወልቅ አየሁ፤
ከድስቶቹ ኋላ የዕድሩን አካፋ ሲመዝ፣
የመቃብሩን አካፋ።
(ለቆመ ሰው ሲወጣ መጀመሪያው ነው
አሉን በኋላ የዕድሩ ዳኛ፣ ጃንጥላቸው ሥር ሆነው።)

ከቦዩ የወጣ፦ ጆንያ፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣
የሕፃን ጫማ፣ ግማሽ ፍራሽ፣
ከሁሉም ሥር፣ ጭቃ የጠገበ፣ እንደ አንጀት የተጠቀለለ
ባነር፦ «...ወጣቶች ... ምሥረታ ...»
ዓመተ ምሕረቱ አይነበብም።
ተያየን። ማንም ምንም አላለም።
ዱሬቲ ብቻ ዝናብ ላይ ዘርግታ አጠበችው፤
እንደ ሰው ልብስ ጨምቃ፣ አጥፋ፣ ከዲግሪዋ ጋር ላስቲኩ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ቦዩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ውሃው
ተንደርድሮ ወደ ወንዙ ወረደ።
እማማ ጥሩሰው ኬኩን ቆረሱ፤
በጭቃ እጅ፣ ቆመን፣ ተጎራረስን።
ፍራሹን ጎትተው ያወጡት እነዚያ ሁለቱ ናቸው፣ ለኬኩ የመጡት፤
ስማቸውን የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው፦ ኪሩቤልና ሙባረክ።
ከዝርዝሩ ግርጌ ጨመርሁ፤ ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት።

ፊርማ፦ ዐሥራ ሰባት።
ማኅተም፦ ሚልካ ስትፈርም አውራ ጣቷ ገጹን ነክቶት
ቡኒ፣ ድፍርስ፣ ክብ ነገር ቀርቷል። ልጠርገው ብዬ፣ ተውሁት።

ቀጣይ ስብሰባ፦ የሚመጣው ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት።
(ዘጠኝ ተኩል።) አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ።