የዘርጋው መልካ

ሰኔ ሲገባደድ፣ ጀማ ሲደፈርስ፣
ከተማችን ደሴት ነበረች፣ መስቀል እስኪደርስ።
መጥሪያ አይመጣብን፣ ግብር አይጠየቅ፣
ያበደረን ነጋዴ ማዶ ቆሞ ሲሣቀቅ፣
እኛ በወዲህ፣ ጨው ቢያልቅ፣ ላምባ ቢያልቅ፣
አልጫችንን በጨለማ በልተን ስንሣሣቅ።

ግን ደግሞ ምጥ አለ፤
ወንዝ ሞልቷል ቢሉት «እሺ» የማይል ስንት ጉዳይ አለ።
ያን ጊዜ ከገደሉ አፍ ጥሪ ይወርዳል፦
«ዘርጋው ሆይ! ... ዘርጋው!...» ገደሉ ይመልሳል።

የስልቻውን ሆድ በትንፋሹ ነፍቶ፣ አፉን አስሮ፣
ሱሪውን በራሱ ላይ እንደ ጥምጥም አዙሮ፣
ይገባል። በዓይኑ አይደለም፣ በእግሩ ነው የሚያይ፤
«ይቺ አሮጊቷ ናት፣ ይኼ በሬው፣ ቀጥሎ የመሪጌታ ድንጋይ።»

እኔንም አሻግሮኛል፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዕለት፤
እርሳሴን በጥርሴ ነክሼ፣ አንገቱን በክንዴ ጠምጥሜበት።
ዋጋው አንድ ብር። ለነፍሰ ጡርና ለሬሳ በነጻ፤
ለግብር ሰብሳቢ ግን እጥፍ፣ ያውም አስቀድሞ ሲያወጣ።

ድልድዩ መጣ።
ሪባን ተቆረጠ፣ ሁለት በሬ ታረደ፤
የማዶና የወዲህ ሰው መሐል ላይ ተቃቅፎ ተዛመደ።
ዘርጋው ስልቻውን አስተነፈሰው፤ ጤፍ ጨመረበት፤
«እሰየው» አለ። ከልቡ ነው፤ ጉልበቱም ደክሞት።

ቀጥሎ አይሱዙ መጣ፤
ባዶውን ወረደ፣ ሞልቶ ወጣ።
ወንዝ ሽቅብ አይሄድም ይሉን ነበር፤ ሄደ።
በቢያጆ ተሰፍሮ፣ በደረሰኝ፣ ዳገቱን ነጎደ፤
ደብረ ብርሃን ላይ ፎቅ ሆኖ ቆመ፣ በረንዳ ወለደ።
አሸዋው ሲሳሳ፣ ድንጋዩም በመዶሻ ጠጠር ሆኖ ተከተለ፤
የሠፈሩ ጎረምሳ ስልክ ገዛ፣ ቆርቆሮ ቀየረ፤ ማን ክፉ ነው አለ?

ዘርጋውን ኬላ ላይ ሾሙት፦ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ደረሰኝ፤
«የወንዜ ልጅ፣ ዛሬ ሠላሳ ወጣ» እያለ ይነግረኛል ባገኘኝ።

አምና ጥር ላይ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ፣
የልጅ ልጁ «መልካህን አሳየኝ» ብሎ ቢለፈልፍ፣
ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ቆመ። በእግሩ ዳሰሰ።
ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ተመለሰ።
አሮጊቷ የለችም። በሬው የለም። መሪጌታው የለም።
ስንት ክረምት ያልሳተው እግሩ፣
በበጋ ውሃ፣ መርገጫ አላገኘም፤
አካፋ በማሰው ጉድጓድ እስከ ወገቡ ገባ።

ልጁ ሣቀ። ከላይ፣ ድልድዩ ላይ፣ መኪና አለፈ ከነአዋራው፤
ዘርጋው ውሃው ውስጥ እንደቆመ ቀና ብሎ አየው።
«ሠላሳ አንድ» አለ።