ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ

ከደቻቱ አሸዋ ማዶ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
አራት መቶ አራቷ ቆማለች በክሪክ ተንጠልጥላ።
የእንቲሳር ፔጆ ናት፣ ከአባቷ የቀረች፣
ስንት ጫት ነጋዴ ደንገጎን ያወጣች።
ስትወጣ ደኅና ነች። ጣጣው ቁልቁለት ላይ፣
ታምቡሩ ሲግልባት፣ ሸራው ሲጨስ ሲታይ፣
እግር ፔዳሉን ረግጦ ሲያገኘው ባዶ፣
ያኔ ነው ተሳፋሪው በየእምነቱ የሚጮኸው ተዋህዶ።

«ዲስክ ግጠሙላት፣ ይኸው ከአምስት መቶ አራት የተፈታ፤
አባቴ ኖረባት እንጂ እኔ አልሞትባትም በጨዋታ።»

ጠልሃና እኔ ግን አንነጋገርም።
ዓመት ከሁለት ወር። ሰላምም አንልም።
በአንድ ጋራዥ፣ በአንድ ሞርሳ፣ በአንድ የቁልፍ ሣጥን፣
እሱ በቀኝ ጎማ፣ እኔ በግራው፣ ድምፃችንን አጥፍተን።
ምክንያቱን ተዉት። አንድ አሮጌ ኮምፕሬሰር ነበር፤
እሱ ሸጥኩት ያለው ዋጋ፣ እኔ የሰማሁት ዋጋ፣ የማይደመር።

መዳቡን ዘረጋሁ። የሽሜንደፈር ልጅ ነኝ፣
ቧንቧ ማጠፍን ሙሴ ጋራቤድ ነው ያስተማረኝ፤
«ቧንቧ አይጣደፍም» ይል ነበር፣ «በጉልበትህ ዙሪያ እጠፈው፤
ከታነቀ ጣለው። አስታርቃለሁ ብለህ በመዶሻ አትደብድበው።»
ጫፉን ቆርጬ፣ በሊማ ልጌ፣ ዳዶውን ማስገባት ሳልረሳ
(የረሳ ሁሉ እንደገና ይቆርጣል፣ ያውቃታል ያችን አበሳ)፣
አፉን እንደ አበባ ፈልቅቄ መልሼ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤
ነጠላ እጥፍ ሲጫኑት ያለቅሳል፣ በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት።
ከማስተሩ ተነስቶ፣ ከማርሚታው ሙቀት ርቆ፣
በቦዲው ጎን ሄደ፣ በየስንዝሩ በቅንፍ ተጠብቆ።
ከጎማው ዘንድ ሲደርስ ላስቲክ ሆነ፤ መዳብ መወዛወዝ አያውቅ፣
መሪ በዞረ ቁጥር የሚታጠፍ ይሻላል ከሚሰነጠቅ።

ዘይት ሞላን። አየሩን ማስወጣት ቀረ፣ ስፑርጎ።
አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ይፈታል፣ አረፋዋን ፈልጎ።
ለብቻ አይሆንም። ልጁን በጠራው፣ ልጁ የለም፤ ቀትሩ
ሰፈሩን አስተኝቶታል። ጠልሃ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ እኔ ገባሁ ከሥሩ።

«ርገጥ።»
ረገጠ።
«ያዝ።»
ያዘ። ብሎኗን ፈታሁ፣ ጠርሙሱ ውስጥ አየር ተንጣጣ።
ጠበቅኩ።
«ልቀቅ።»
ከሩቅ ጎማ ጀመርን፣ ወደ ቅርቡ መጣን፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣
ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ በሦስት ቃል ጀርባዬን መሬቱ በላ።
ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። አንድም ሌላ ቃል አልገባም።
ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። «በቃ» አልኩ። ያቺ አራተኛዋ ናት፤ አልቆጥራትም።

በማግሥቱ ሳቢያን ድረስ ነዳናት። ቀጥ ብላ ቆመች።
ስንመለስ ግን የፊት ጎማዋ ጋለ፤ እግር ተነስቶም ጨብጣ ቀረች።
ጠልሃ ጎንበስ ብሎ ዲስኩ ላይ እንትፍ አለበት። ቺስስ አለ።
እኔን ሳያይ፣ ለጎማው ይሁን ለመሬቱ፣ እንዲህ አለ፤
«ማስተሩ የታምቡር ነው። ውስጡ ቫልቭ አለ፣ ግፊት ያስቀራል፤
ታምቡር ትንሽ ቂም ይወዳል፣ አለዚያ ሸራው ይርቃል።
ዲስክ ግን ሲለቁት ካልለቀቀ ራሱን ይበላል።»

ፈታሁት። የምስር ፍሬ የምታህል ነገር፣ ከነሽቦዋ።
በመዳፌ ያዝኳት። ይህን ሁሉ የያዘችው እሷ!
እንደገና ስፑርጎ። እንደገና ከሥር፣ እንደገና ርገጥ፣ ያዝ፤
«ልቀቅ» ስል ግን ድምፄ ተሰበረ፣ አቧራ ይሆናል፣ የዚህ ከተማ መዘዝ።

እንቲሳር ከሐረር መልስ ደንገጎን ወረደች፣
«ስይዛት ያዘች፣ ስለቃት ለቀቀች» ብላ ከፈለች።
ብሩን ሁለት ቦታ ከፈልነው። ጠልሃ አልቆጠረውም።
ስለ ኮምፕሬሰሩ እስካሁን ያነሳ የለም።
ቫልቯ ሞርሳው ጥግ አለች፤ ማንም አልጣላት።
ዛሬ ጠዋት ግን ከመኪና ሥር ሆኖ፣ «የአሥራ አንድ ቁልፍ» አለ፣ «አምጣት።»
የአሥራ ሁለት ሰጠሁት። ተሳስቼ ነው።
በቀስታ መለሰልኝ፤ ጣቱ ጣቴ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ለቀቀው።