ዝም ካለ፣ ሠርቷል

ኬሚ ከተማ ላይ፣ ፀሐይ ከጠፋች ሰንብታ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ ምድር ቤት፣ ማክሰኞ ማታ፣
ሦስት አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሦስት አሮጌ ተማሪ፤
እኔም ጡረተኛዋ፣ ማንም ያልቀጠረኝ አስተማሪ።

ጥቁር መስኮት ከፈትኩላቸው፦ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣
ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ሰረዝ ብቻ ነው ያለው።
"ምኑን ነው የምጫነው?" አለች ሄልካ፣ ማውሱን ይዛ፤
"አይጫንም፣ ይጻፋል" ብላት ቀረች ፈዝዛ።

"ኤል ኤስ" አልኩ፣ "ሁለት ፊደል፤ ከዚያ ኢንተርን ምቱ"፤
ተዘረዘረ በየስሙ፣ በጓዳ ያለው የቤቱ።
ሄልካ ሳቀች፣ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ፤
የራሷን ምድር ቤት በአምፖል ያየች መሰላት፣ ከነሸረሪቷ።

ኦርቮ ግን፣ ሠላሳ ዓመት በወረቀቱ ፋብሪካ
ጥቅል ሲቆርጥ የኖረው፣ ያላየውን አያምንም ለካ!
የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ አንድም ፊደል አይታይ፣
"ተሰብሯል ይሄ" ይለኛል፣ ጣቱን ቀስሮ ቁልፉ ላይ።
"ገብቷል" አልኩት፣ "ባይታይህም ገብቷል፤
በረዶ ለብሶ ሲሄድ፣ ወንዙን ማን 'ቆሟል' ብሎታል?"

ታይስቶን የከበደው ይህ አልነበረም፤ ዝምታው ነው።
ፋይል ከዚህ ወዲያ አዛውሮ፣ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው
ስክሪኑን ያያል፣ ያያል። "ምንም አላለኝኮ!"
"ስታጠፋ ነው የሚጮኸው። ዝም ካለ፣ ሠርቷል እኮ።"

ትንሽ አሰበና፦
"እንደ አባቴ ነዋ" አለ። "ጀልባ ሠርቼ አሳየሁት፤
ዞራት፣ ጎኗን መታ መታ፤ 'ደግ' እንኳ ሳይል አጣሁት።
በማግስቱ ማልጄ ወደቡ ብወርድ፣ የለችም፤
ይዟት ወጥቷል፣ ለዓሣ። ሌላ ምስክር አላሻኝም።"

ዝም አይነቅዝም፣ አልኩ በልቤ።
እስከ ስድስተኛው ማክሰኞ።

ኦርቮ የቆመበትን ሳያይ "አርኤም" ብሎ ኮከብ ጻፈ፤
ኢንተር መታ። ዝም። የስድስት ሳምንት ደብተሩ ረገፈ።
"ዝም ካለ ሠርቷል ብለሽ የለ?" አለኝ፣ ፊቱ ፈክቶ፤
"ሠርቷል" አልኩት። "ያሰብከውን ትቶ፣ ያልከውን ሰምቶ።"

ማንም አልተነፈሰ፤ የማሞቂያው ቧንቧ ተንኳኳ።
ኦርቮ ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ሳይቀየም እንኳ፣
አራት ቦታ የታጠፈ፣ በእርሳስ የተሞላ ወረቀት፤
"ከመጨረሻው ጥቅል ነው፣ ፋብሪካው የተዘጋ 'ለት።"

ያነባል። ሄልካ ትጽፋለች። ታይስቶ ፊደል ያርማል።
ማሽኑ በየመስመሩ
ዝም ይላል።